የልጅ ገመና ካብ ላይ አይሰጣም



በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ቶንሲል ነው። ዛሬ ግን የምጀምረው ከአንድ ፊልም ነው። «ሐኪምን ፊልም ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ስለ ልጆቻችሁ የሆድ ቁርጠት፣ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ሌሊት ሽንት ነው።

ፊልሙ «ላምብ» ይባላል፤ በግ ማለት ነው። አዘጋጁ ያሬድ ዘለቀ ነው። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በፈረንሳይ የካን ፊልም ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ ሲታይ፣ ለዚያ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ተብሎ ብዙ ተወራለት። እኔ ያየሁት ግን ዘግይቼ፣ እዚሁ ላሊበላ፣ መብራት ባልጠፋበት አንድ ምሽት ኮምፒውተር ላይ ነው። ቋንቋው አማርኛ ነው። ደጋው፣ ጭጋጉ፣ በጎቹ፣ ጭስ የጠገበው ጎጆ ለላስታ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤፍሬም የሚባል የ9 ዓመት ልጅ አለ። እናቱ በድርቁ ሞታበታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ ስላለበት ልጁን ራቅ ያለ ደጋ፣ ዘመድ ቤት ያስቀምጠዋል። ኤፍሬም ከቤቱ ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሚወደው በጉ ቹኒ ነው፤ ሁለተኛው ከእናቱ የተማረው ሙያ፣ ምግብ ማብሰል ነው። አጎቱ ሰሎሞን ገበሬ ነው። ወንድ ልጅ ከማረስ ይልቅ እሳት ዳር ሲውል ማየት አይወድም። በዓል ሲቃረብ ደግሞ በጉ እንዲታረድ ይወስናል። ኤፍሬም በጉን ለማዳንና ወደ ቤቱ ለመመለስ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት።

እኔን ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። ኤፍሬም ቤት ውስጥ ሲያበስል ያፍሩበታል። ያው ልጅ፣ ያንኑ እጁን ይዞ ገበያ ሲወጣ ሥራው ይሸጣል። የኛን የቅዳሜ ገበያ አስቡት። ገዢ «ትኩስ ነው? ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ የወንድ እጅ ይሁን የሴት እጅ ደንታም የለው። በገበያውና በቤቱ መካከል ልጁ አልተለወጠም፤ የሚያየው ዓይን ነው የተለወጠው። ከዓይኑ ጋር ግን የልጁ አንገትም፣ ፈገግታውም አብሮ ይለወጣል።

ትንሽ ልጅ ራሱን የሚያይበት መስታወት የቤተሰቡ ፊት ነው። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚያነበው ከእናቱ፣ ከአባቱ፣ ከአያቱ ግንባር ላይ ነው። የተኮሳተረ ግንባር በየቀኑ ያነበበ ልጅ «ሥራዬን አልወደዱልኝም» አይልም፤ «እኔ የማልረባ ነኝ» ይላል። ሁለቱን መለየት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው፤ ለ9 ዓመት ልጅማ እንዴት ይሆንለታል?

«ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል?» የሚለውን አነጋገር ስንሰማው ከሰማይ የወረደ ሕግ ይመስላል። እስቲ ዙሪያችንን እንይ። ሴት በማትገባባቸው ገዳማት፣ ለምሳሌ በደብረ ዳሞና ጣና ላይ ባለው በክብራን ገብርኤል፣ ለማኅበሩ ምግብ የሚያዘጋጁት ወንዶች መነኮሳት ናቸው። እዚሁ ከተማችን ሆቴል ጓዳ ብትገቡ ነጭ ካፖርት ለብሶ ሽንኩርት የሚያቁላላ ጎልማሳ ታገኛላችሁ፤ ደመወዙን ይዞ ሲመጣ ቤተሰቡ «ሼፍ ነው» እያለ ይኮራበታል። እንግዲህ ያው ሥራ በአንዱ ቦታ ክብር፣ በሌላው ነውር ከሆነ ነውሩ ያለው ከሥራው ላይ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሕክምና ክፍሌ ልውሰዳችሁ። ባለታሪኮቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ለውጫለሁ።

አንዲት አያት የ10 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ጧት ጧት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል» አሉኝ። የሆድ ትላትል መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስዷል። ሰገራው ተመርምሯል፤ ምንም የለም። ቅዳሜና እሑድስ? ስል ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «አይ፣ ያን ጊዜስ ደኅና ነው» አሉ። ትምህርት በሌለበት ቀን የማይመጣ ሕመም ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። ስለ እንቅልፉ ስጠይቅ ልጁ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። አያቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሌሊት ይሸናል» አሉ።

«እማማ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እናቱ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ነው፣ ልጄ። ፊትማ በአራት ዓመቱ ትቶት ነበር እኮ።»

«አጎዛውን የት ነው የሚያሰጡት?»

«ካቡ ላይ ነዋ፣ መንገዱ ዳር። ሲያፍር ይተወዋል ብዬ። እኛንም እንዲሁ ነው ያሳደጉን።»

ያ መንገድ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ነው። አያቱን ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንዲቆዩ ለመንኳቸውና እኔና ልጁ ብቻ ቀረን። ብዙ አላወራም። «ሽንታም ይሉኛል» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» አለ።

የሽንት ምርመራ አደረግን። ኢንፌክሽን የለም፤ ስኳርም የለም። ድርቀት እንዳለው ጠየቅሁ፤ የለውም። ይህ ልጅ እናቱ ናፍቃዋለች። ያም ሐዘን ሌሊት በሽንት ወጣ። ሐዘኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጥቂት ወራት ይበርድ ነበር። ካቡ ላይ የተሰጣው አጎዛ ግን የሌሊቱን ጉዳይ የቀን አደረገው፤ የቤቱን ጉዳይ የመንገድ አደረገው። የሆድ ቁርጠቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ለአያቱ ያዘዝኩላቸው መድኃኒት አልነበረም። አጎዛው ከቤቱ ጀርባ ይሰጣ፤ ስለ ሽንቱ ለጎረቤት አይወራ፤ ማታ ሻይ፣ ቡናና ጠላ ይቅርበት፤ ከመተኛቱ በፊት ይሽና፤ ሌሊት ብርዱንና ጅቡን ፈርቶ ወደ ውጭ እንደማይወጣ ስለነገረኝ በር ሥር ፖፖ ይቀመጥለት፤ ከእናቱ ጋር በኢሞ የሚያወራበት የታወቀ ቀን ይኑረው አልኳቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሽንቱ ቀንሷል እንጂ ገና ሙሉ በሙሉ አልቆመም ነበር። የሆድ ቁርጠቱ ግን ቀድሞ ጠፍቷል። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ሽንቱ ሳይቆም ነው ልጁ የዳነው።

እኚህን አያት ክፉ ሴት አድርጋችሁ እንዳታይዋቸው። ለልጁ ሲሉ ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል። በፊልሙ ውስጥ ያለው አጎት ሰሎሞንም እንዲሁ ነው። ድርቅ ባየ አገር የኖረ ገበሬ ማረስ የማይችል ልጅ ነገ ይራባል ብሎ ይፈራል። የኛም አካባቢ የ1977ቱን ረሃብ ያልረሳ፣ በቅርቡም ጦርነት ያለፈበት ነው። ፍርሃታችን ብዙ ነው። ፍርሃት ግን ብዙ ጊዜ «እፈራልሃለሁ» ብሎ አይመጣም፤ «አንተ ሴታ ሴት»፣ «አንተ ሽንታም»፣ «አንቺ እድለ ቢስ» ብሎ ነው የሚወጣው። ልጁ የሚሰማው ስድቡን ነው፤ ከስድቡ ጀርባ ያለውን ፍቅር ማየት አይችልም።

በፊልሙ ውስጥ ጽዮን የምትባል የኤፍሬም ዘመድ አለች። ጋዜጣ ማንበብ ትወዳለች፤ ስለ አዲስ የእርሻ ዘዴ ታነባለች። ቤቱ ግን የሚጠብቀው ትዳሯን ነው። የጽዮንን ታሪክ ሳይ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ትዝ አለችኝ። ሕፃን ሳለች ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ ጉንጯና አንገቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ቀርቶባታል። የመጡት ጠባሳው ስለሚያሳክካት ነው። ልጅቷን ስጠይቅ እናቷ ትመልሳለች። መልሷም ሁሌ አንድ ቦታ ያርፋል፦ «ዶክተር፣ እንዲህ ሆና ማን ያገባታል?» ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተቀምጣለች።

ቅባቱን ጻፍኩላትና ስለ ትምህርቷ ጠየቅኋት። ከክፍሏ ሁለተኛ ነች። ሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል። ለመፈተኛ ካርዱ ጉርድ ፎቶ ግራፍ ይጠየቃል። እሷ ደግሞ ፎቶ አልነሣም ብላለች። እናቷ ይህን የሰማችው ያን ቀን፣ እኔ ጋ ነው። አስቡት፣ ስምንት ዓመት የተማረች ጎበዝ ልጅ በአንድ ጉርድ ፎቶ ምክንያት ፈተናው ሊያመልጣት ነበር። ጠባሳው እጇን አልያዘው፤ ዓይኗን አልጋረደው። ያሰራት ቤት ውስጥ ደጋግማ የሰማችው አንድ ጥያቄ ነው።

እናቷን ለብቻ አነጋገርኳት። «እህቴ፣ ያንን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ በልጅሽ ፊት አታንሺው። ከፈለግሽ እኔን ጠይቂኝ፤ እሷ ግን አትስማው» አልኳት። አለቀሰች። ያቃጠላት የራሷ ምድጃ በመሆኑ ለዓመታት ራሷን ስትረግም ኖራለች። ጥያቄው የልጅቷ ሸክም ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ልጅቷ ፎቶውን ተነሥታ ፈተናውን ተፈትናለች። ጠባሳው እንዳለ ነው። ማሳከኩ በቅባቱ ቀንሷል።

ራስን መቀበል ስንል ልጅን ማሞላቀቅ የሚመስለው ሰው አለ። እንዲያ አይደለም። ኤፍሬም በጎ መጠበቅም፣ ማረስም ቢማር ይጠቅመዋል። የ10 ዓመቱ ልጅም ሽንቱን እንዲቆጣጠር እንፈልጋለን። ልዩነቱ ልጁ የሚማረው እንደሚወደድ እያወቀ ነው ወይስ እንዲወደድ ብሎ ነው የሚለው ላይ ነው። እንደሚወደድ ያወቀ ልጅ ሲሳሳት ተነሥቶ ይሞክራል። ለመወደድ የሚለፋ ልጅ ግን አንዴ ሲወድቅ ይደበቃል፣ ይዋሻል፣ ወይም ይታመማል።

«ይታመማል» ስል እውነተኛ ሕመም ማለቴ ነው። ልጅ ሲፈራና ሲያፍር አንጎል ለሰውነት የአደጋ ምልክት ይሰጣል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። ሆዳችን ከአንጎል ጋር በብዙ ነርቮች ስለተገናኘ አንጀትም አብሮ ይታወካል። አማርኛችን ይህን ከሐኪሞች ቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ ያዘነውን ሰው «ሆድ ባሰው»፣ ቶሎ የሚከፋውን «ሆደ ባሻ» ይለዋል። ስለዚህ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ልጃችሁ «ያመኛል» ካለ «ያስመስላል» አትበሉት። ቁርጠቱ አለ። ምንጩ ነው ሌላ ቦታ ያለው።

ነገሩን በጊዜ መያዝ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው የአእምሮ ሕመም ግማሽ ያህሉ የሚጀምረው ከ18 ዓመት በፊት ነው። ልጅነት የሚያልፍ ቢሆንም በልጅነት የተሰማው ስም ግን ሳይለቅ ሊቀር ይችላል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. በጉድለቱ ስም አታውጡለት። «ግራኙ»፣ «ተብታባው»፣ «ጠባሳዋ» ብሎ መጥራት በቀልድም ይሁን በቁልምጫ ይቅር። ያወጣችሁለት ስም ነው፤ ስሙን ጥሩት።

2. ገመናውን ሸፍኑለት። ሽንት፣ የሚጥል በሽታ፣ የቆዳ ችግር፣ በፈተና መውደቅ የቡና ወሬ አይሁን። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ «ተኝቷል» ብላችሁ የምታወሩትን ልጁ ይሰማል።

3. የሚችለውን ሥራ በሰው ፊት አመስግኑለት። ወንዱ ልጅ ሽሮ አሳምሮ ከሠራ እንግዳ ሲመጣ «ይህን እሱ ነው የሠራው» በሉ። ሴቷ ልጅ ካነበበች ደብዳቤውን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት እሷ ታንብብላችሁ።

4. ብቻውን ጠይቁት። ከብት ሲያግዱ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ልጆች የበለጠ ያወራሉ። «ምን ሆነሃል?» ከማለት «ትምህርት ቤት ማን ያስቸግርሃል?» ማለት ይቀላል።

5. ዘመድ ቤት ያለ ልጅ ካላችሁ ከእናትና ከአባቱ ጋር የሚያወራበትን ቀን ቁረጡለት። የማይመለሱ ከሆነ «ነገ ይመጣሉ» እያላችሁ አታባብሉት። እውነቱን በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።

6. ሌሊት የሚሸና ልጅ አይገረፍ፣ አይዋረድ። ከ100 የ7 ዓመት ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት አሁንም ሌሊት ይሸናሉ። እናት ወይም አባት በልጅነታቸው እንዲህ ከነበሩ ልጁም የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ልጁ ተኝቶ ነው፤ ሆን ብሎ አያደርገውም። ደርቆ ያደረበትን ጧት ግን አይታችሁ ደስ ይበላችሁ።

ጤና ተቋም መቼ ልምጣ?

ሽንት መቆጣጠር ችሎ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ በኋላ እንደገና ከጀመረው፣ ሲሸና ካመመው ወይም ሽንቱ ደም ካለው አምጡት። ብዙ ውሃ እየጠጣ፣ ብዙ እየሸናና እየከሳ ከሆነ የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን አምጡት።

የሆድ ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ በሰገራ ውስጥ ደም ወይም የክብደት መቀነስ ያለው ከሆነ «ሐሳብ ነው» ብላችሁ አትተዉት። መጀመሪያ ይመርመር።

ከሁለት ሳምንት በላይ ጨዋታ ካስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ከሰው ከራቀ ወይም ትምህርቱ በድንገት ካሽቆለቆለ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ አንድ ቀንም አታሳድሩት፤ ብቻውንም አትተዉት።

ፊልሙን ካገኛችሁት ከፍ ካሉት ልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፦ «ኤፍሬም እኛ ቤት ቢመጣ እንዴት እንቀበለው ነበር?» የሚሉትን አታርሙ፣ አትቆጡ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። ስለ ኤፍሬም የሚያወሩ እየመሰላቸው ስለ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

እስከዚያው፣ ካብ ላይ የተሰጣ ነገር ካለ ዛሬውኑ አውርዱት።